በአመድ የታጠቡት ጠርሙሶች

አባይነህን መንደሩ «ስምንተኛ» ይለዋል። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቆ ስለቀረ ነው። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስሙ ግን እንደ መዥገር ተጣብቆ ቀረ። ማን እንዳወጣለትም ያውቃል፤ አልረሳም።

ሥራው ከራቤል ወዲያ ያሉትን ሦስት የፓምፕ ጉድጓዶች መጠበቅ ነው። ከሁለቱ በላይ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተከፈተ ወዲህ፣ ማርያማዊት የምትባል የውሃ ባለሙያ በየወሩ ከመሐል ሜዳ ትመጣለች። ውሃውን በጠርሙስ ቀድታ ለምርመራ ትወስዳለች። ሦስተኛው ጉድጓድ ከማውጫው በላይ ነው፤ ከሱ የምትቀዳው ለማነጻጸር ነው።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት አባይነህ አኮረፋት። ከተማረ ሰው ምን ደግ አይቶ ያውቃል? እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የፓምፑን እጀታ ያዘች።

«ስንት ደቂቃ ነው እንዲህ የምትነቀንቂው፣ እህቴ?»

«አሥራ አምስት። የቆየው ውሃ ወጥቶ አዲሱ እስኪመጣ።»

«ወዲያ በይ እባክሽ። ውሃው ሳይመጣ ክንድሽ ይወጣል።»

ሳቀችና ለቀቀችለት። እሷ ሰዓቷን፣ እሱ እሷን እያየ አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ። በሦስተኛው ወር ሃያ ደቂቃ ነቀነቀ። በቃ አላለችውም።

በአራተኛው ወር «ባዶ ጠርሙሶቹ ከነሳጥናቸው አንተ ዘንድ ይቀመጡልኝ» አለችው። ሰው አምኖት ዕቃ ሰጥቶት አያውቅምና ሳጥኑን እንደ ታቦት ተሸክሞ ገባ። የምትመጣበት ቀን ሲቃረብ ሳጥኑ ላይ አቧራ አየ። እናቱ ለክብር እንግዳ ማሰሮ እንደምታጥበው፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በአመድ ፈትጎ አጠባቸው። ውሃ ቆጥቦ አለቃለቃቸውና ፀሐይ ላይ ደረደራቸው።

ማርያማዊት በነሱ ቀድታ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት የምርመራውን ወረቀት ይዛ መጣችና ሰው ፓምፑ ዘንድ ተሰበሰበ።

«ሦስቱም ተበላሽተዋል ተብሏል» አሉ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ፈንታ። «ከነገ ጀምሮ ይታሸጋሉ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ወንዙ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች ማርያማዊት። «ከማውጫው በላይ ያለውም ተበላሽቷል። ውሃ ሽቅብ አይሄድም።»

«እንግዲያማ የተበላሸው ያንቺ ሥራ ነው» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ሌላ ባለሙያ ይላክልን።»

ተሳቀ። ማርያማዊት ወረቀቱን አጣጥፋ መሬት መሬት አየች። አባይነህ ያንን ሳቅ ያውቀዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት በልቶታል።

«ውሃው ውስጥ ምን ተገኘ?» ሲል ጠየቃት።

«ጨው ነገር። አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ነው የሚመስለው።»

ፀሐይ ላይ የደረደራቸው ጠርሙሶች ትዝ አሉት። ቢናገር ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። ዝም ቢል ከዛሬ በኋላ እሷ አትመጣም።

«ጠርሙሶቹን በአመድ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

ገደሉ ሳቁን አስተጋባ። ጋሼ ፈንታ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ምን አስበህ ነው አንተ?» አሉት።

«እርስዎ ቤት እንግዳ ሲመጣ ማሰሮ አይታጠብም?»

ማርያማዊት አልሳቀችም። ወደሱ ቀረበች።

«ታጥበው እኮ ነው የመጡት፣ አባይነህ» አለችው ቀስ ብላ።

በዚያ ሁሉ ሰው መሐል በስሙ የጠራችው እሷ ብቻ ናት።

በአዲስ ጠርሙስ እንደገና ተቀዳ፤ ሦስቱም ደህና ሆኑ። ሴቶቹ ወንዝ አልወረዱም፤ ማርያማዊትም ወር እየጠበቀች መምጣቷን አልተወችም። በጥር ጋሼ ፈንታ ራሳቸው ወደ ማርያማዊት ቤተሰብ ሽማግሌ ሆነው ሄዱለት።

ዛሬ መንደሩ «ስምንተኛ»ን ትቶ «አመዱ» ይለዋል። ያን ቀን እነማን እንደሳቁ አባይነህ በስም መቁጠር ይችላል፤ እንደ ድሮው ግን አይቆጥርም። የጠርሙሱ ሳጥን ቁልፍ ሚስቱ አንገት ላይ ነው። በየወሩ እሱ እጀታውን ይነቀንቃል፣ እሷ ሰዓቷን ይዛ ትቆማለች። አሥራ አምስት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፤ በቃ አላለችውም።