ሊቀመንበሩ ላይ የጮኸችው ማሽን

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ናዝሬት ከተማ ውስጥ የሰው ሬዲዮ ሆድ እየከፈትኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ጋኔን ተናገረኝ፣ ሙት ጠራኝ የሚል ደንበኛ ሱቄ ሲመጣ በሆዴ እየሳቅኩ "ሽቦው የት ጋ ተበጥሶበት ይሆን?" ነበር የምለው። ድምፅ ካለ ምንጭ አለው፣ ምንጩ ካልተገኘ ፈላጊው ሰነፍ ነው፣ አለቀ። አሁንም ቢሆን አምናለሁ የሚል ቃል አልወጣኝም። የሆነውን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ቀይ ሽብሩ በረድ ካለ በኋላ። አባታችን ወርቅ አንጥረኛ ነበር፣ እሱ ሲሞት ታላቅ ወንድሜ ንጉሤ ሙያውን ያዘ። ግቢያችን ሰፊ ስለነበር የፊቱን ቤት "ትርፍ ነው" ብለው ወረሱትና የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ገባበት፣ እኔንና እናቴን ጓሮ ያለችው ማድ ቤት ውስጥ ከተቱን። ንጉሤንማ ከዚያ በፊት ነው የወሰዱት። አንድ ጠዋት ይኸው ደምሴ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ፣ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" አለው፣ ወንድሜ የሥራ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ማልቀስም ክልክል ነበር፣ ታውቀዋለህ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የታየች እናት ራሷ ትጠየቅ ነበር። እናቴ እርሟን ሳታወጣ ቀረች፤ የት እንደወደቀ ሳታውቅ፣ አፈር ሳታለብሰው እንዴት ብላ ታውጣ? ያንን ሰውዬ በየጠዋቱ በገዛ በረንዳችን ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ እያየች ዓመታት ኖረች። እኔም አያለሁ። ምን እንደማስብ አልደብቅህም፣ ቀን ስጠኝ ነበር የምለው፣ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ቀን ሰጠኝ። አንድ ከሰዓት ደምሴ አስጠራኝ፣ ገባሁ፣ የአባቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማሽኖች ተጋድመዋል።

"ና ስዩም፣ አንተ የዚህ ነገር አዋቂ ነህ" አለኝ። "ይህቺ ከጦር ሰፈር የወጣች የፈንጂ መፈለጊያ ናት። ያቺ ደግሞ አዶላ በኩል ወርቅ ሲያስሱ የነበሩ ፈረንጆች ጥለዋት የሄዱት ናት። ጥሬ ወርቅም፣ ጠገራ ብርም፣ ሁለቱንም የምታገኝልኝ የትኛዋ ናት?"

"ለምን ይሆን፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

"ወንድምህ አንጥረኛ አልነበረም እንዴ? ቤቱን ስንፈትሽ ቁራጭ ወርቅ አጣን። የት ይሄዳል? ቀብሮታል እንጂ!"

አላፈረም እኮ! ፊቴ ቆሞ ነው ይህን የሚለው። የሱ ስህተት ምን መሰለህ፣ አንጥረኛ ቤት የሚገኝ ወርቅ የአንጥረኛው ይመስለዋል። ወርቁ የደንበኛ ነው፣ አንዷ የእናቷን ጉትቻ ቀለበት አድርግልኝ ብላ፣ ሌላዋ ጠገራ ብሯን አቅልጠህ መስቀል ሥራልኝ ብላ በአደራ የምትተወው ነው። አሰሳ መጣ ሲባል ንጉሤ ሥራ አቁሞ የየሰዉን በየቤቱ ዞሮ መለሰ፣ አንዳንዱን እኔ ራሴ አድርሻለሁ። ግቢው ውስጥ የተቀበረ ነገር እንደሌለ እንደ ስሜ ነበር የማውቀው። ይህን ልንገረው? ምን በወጣኝ!

"ልሞክራቸውና ልንገርዎት" አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ።

ሙከራውን በደንብ ነው ያደረግኩት፣ ሙያዬ ነው፣ በሙያዬ አላሾፍም። የእናቴን ቀለበትና አንድ ጠገራ ብር እየቀበርኩ፣ ጥልቀቱን እየጨመርኩ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሁለቱንም አስኬድኳቸው። የወታደሩ ማሽን መሬቱን የሚያስስበት ሰሃን ሰፊ ነው፣ ጠገራ ብሩ ክንድ ያህል ቢጠልቅም ያገኘዋል፣ ለቀለበቷ ግን ደንቆሮ ነው። የፈረንጆቹ ጆሮዋ ስል ነው፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ወርቅ ትሰማለች፣ ጣጣዋ የኛ አፈር ነው። የናዝሬት መሬት፣ እንደምታውቀው፣ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ቀይ ጠጠር ነው፣ ብረት አለበት፣ እዚህ ስታመጣት ወርቅ ኖረ አልኖረ ትጮሃለች። ለወዳጄ ቢሆን "ለሳንቲሙ የወታደሩን ያዝ፣ ያቺን ጠጠር የሌለበት ወንዝ ዳር ውሰዳት፣ ሁለቱን በአንድ ማሽን አገኛለሁ ብለህ አትድከም" እለው ነበር። ደምሴ ወዳጄ አይደለም። የፈረንጆቹን መረጥኩለት፣ መምረጥ ብቻም አይደለም፣ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኗን ጠምዝዤ ጆሮዋን የባሰ ስል አደረግኩት።

"ይህቺ ናት ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚህች የሚያመልጥ የለም።"

ከዚያማ ምን ልበልህ! ገመዳ የሚባል ቆፋሪ ቀጠረ፣ ማሽኗ በጮኸች ቁጥር ያስቆፍራል፣ እሷ ደግሞ ዝም አትልም። ጓሮው ታረሰ፣ በረንዳው ፈረሰ፣ የመኝታ ቤቱ ወለል ሳይቀር ተነቀለ። የወጣው ምስማር፣ የሳርዲን ቆርቆሮ፣ የጣሊያን ጥይት ቀለህ ነው። ሰፈርተኛው አፉን ይዞ ሳቀበት፣ ሚስቱ "አቧራው ገደለኝ" ብላ ዘመዶቿ ጋ አርሲ ነገሌ ሄደች። እኔ በማድ ቤቷ መስኮት እያየሁ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ፣ እንቅልፌ ሁሉ ተስተካከለ።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ልክ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ገመዳ እየሮጠ ወደ ማድ ቤቷ በር መጣ።

"ስዩም ና! ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ያ ነገር ብቻውን ይጮኻል፣ እኔ ሁለተኛ አልነካውም!" ብሎኝ ደሞዙን እንኳ ሳይጠይቅ በአጥሩ ዘሎ ወጣ።

ሄድኩ። ማሽኗ መሬት ላይ ተጋድማለች፣ ደምሴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ማዳመጫውን አነሳሁ። እንደ ወትሮው የሚጮህ ነገር የለም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀጭን ጥን። አንጥረኛ ሲሠራ ሰምተህ ታውቅ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱ አመታት አለው፤ ንጉሤ ሦስቴ ሥራውን መታ አድርጎ መዶሻውን ባዶው መስፍ ላይ፣ መቀጥቀጫው ብረት ላይ ማለቴ ነው፣ ያሳርፋት ነበር፣ ልጅ ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው እንደዚያ ሲመታ ሰምቼ አላውቅም።

ሽቦ ነው፣ አልኩ ለራሴ። ሰሃኗን ወደ ጉድጓዱ አዞርኩ፣ ድምፁ ራቀ። ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ቀረበ። ወደ ደምሴ አስጠጋሁ፣ ጆሮዬን ሊበሳው ደረሰ።

"ሽጉጡን ያስቀምጡት" አልኩት። አስቀመጠ። ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ቁልፉን፣ የኮቱን ባጅ አወለቀ። ጫማው ምስማር አለው ብዬ ጫማውንም አስወለቅኩት። ባዶ እግሩን፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆመ። ሰሃኗን ከአናቱ ጀምሬ ቀስ ብዬ አወረድኳት፣ ደረቱ ላይ ጠቅ ጠቅ፣ ቀኝ እጁ ላይ ስትደርስ መዶሻው ያለ ዕረፍት ይወቅጥ ጀመር።

"ምንድን ነው የምትለው? ወርቅ ነው ብር?" አለኝ። የሚያሳዝን ድምፅ ነበር፣ እኔ ግን አላሳዘነኝም።

ማሽኗን ላጠፋት ፈልጌ የባትሪ ድንጋዩን ቤት ከፈትኩ። ባዶ ነው። ዝገት እንኳ የለውም፣ ባዶ!

"ድንጋዩ የታለ?"

"ጠዋት ለሬዲዮዬ አውጥቼዋለሁ" አለ። "እሱ አይደል የሚያስፈራኝ! አንተ በማዳመጫ ትሰማለህ፣ እኔ ያለ ማዳመጫ እየሰማሁት ነው። አስቁምልኝ ስዩም፣ በናትህ!"

በእናቴ ለመነኝ እኮ፣ በዚያች በእሷ! ያን ጊዜ ፍርሃቴ ጠፍቶ ንዴቴ መጣ፣ እርስዎ ማለቱም ከአፌ ጠፋ።

"ወንድሜን የት ነው የጣልከው?"

ቀኝ እጁን ከጀርባው ሸሸገ።

"የት እንደሆነ ንገረኝና አስቆምልሃለሁ።"

ነገረኝ። በወንጂ መንገድ ወጣ ብሎ ቀይ ጠጠር የሚወጣበት ጉድጓድ አለ፣ ከሱ ጀርባ፣ ሁለት ግራሮች መሀል። "እሱን ብቻ ነው እዚያ የወሰድኩት፣ ሌላ ሰው የለም፣ በማርያም!" አለ ሳልጠይቀው። ማሽኗን አንስቼ ወጣሁ። "አስቁምልኝ!" እያለ ባዶ እግሩን እስከ በሩ ተከተለኝ። እንዴት እንደሚቆም አላውቅም ነበር፣ ባውቅስ መች አስቆምለት ነበር!

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቴን ይዤ ሄድኩ፣ ለሚያየን ሰው እንጨት ለቀማ የወጣን እንዲመስል ገመድ ይዘናል። ማሽኗን በጆንያ ጠቅልዬ፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገብቼባታለሁ፣ ስልት ይዤ ልፈልግ ነዋ፣ ቢያንስ የሽርጡን ዘለበት አገኝ እንደሆነ ብዬ። ግራሮቹ አሉ። አስኬድኳት። አሁን ይህን ልብ በል፣ እግር በተነሳ ቁጥር የምትጮህ ማሽን፣ በዚያ ሁሉ ቀይ ጠጠር ላይ፣ ጸጥ። ትንፍሽ የለም። ብሎኗን ጠመዘዝኩ፣ ድንጋዩን አገላበጥኩ፣ ቀለበቷን መሬት ላይ ጥዬ ሞከርኩ፣ ጸጥ።

"ተበላሽታለች እማዬ" አልኩ።

"እስቲ አምጣው" አለችና ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ ራሷ አጠለቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ነክታ አታውቅም። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ታለቅሳለች፣ እርሟን ታወጣለች ብዬ መንገዱን እየቃኘሁ ጠበቅኳት። አላለቀሰችም። አንገቷን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ሰው በብዛት በሚያወራበት ቤት አንዱን ለይቶ ለመስማት እንደሚደረገው። ፀሐይዋ እስክትጠነክር ድረስ እንዲያ ቆየች።

በመጨረሻ አውልቃ ሰጠችኝ፣ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፣ እኔ ምንም አልሰማሁም።

"ደምሴ ምን ነበር ያለህ?" አለችኝ።

"እዚህ ነው አለኝ።"

"ስንት ሰው ነው ያለህ?"

"አንድ። ንጉሤን ብቻ።"

እናቴ መሬቱን በመዳፏ ዳበሰች፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

"ውሸቱን ነው" አለች። "የኔን ልጅ ለይቼ መስማት አቃተኝ።"

ደምሴ ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነው የሚሄደው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ሲረግመው እኔ አልረግመውም። ዕድሜ ስጠው ነው የምለው፣ ከልቤ፣ ረጅም ዕድሜ።