የጠቆሩት የብር አዝራሮች

ቶርላይፍን ከጉድጓዱ ሲያወጡት የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ነበር። ሰደርያው ላይ የተደረደሩት የብር አዝራሮች ከሰል መስለዋል። መርማሪ ዳግኒ ተንበርክካ አንዱን በአውራ ጣቷ አሸችው፤ ጥቁረቱ አልለቀቀም። ቀኑ ሜይ አሥራ ሰባት፣ የአገሩ ብሔራዊ በዓል ነው፤ ትናንት በዚህ የባሕር ዳር ከተማ ብሩን ሳይወለውል የተኛ ሰው የለም።

ጉድጓዱ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ክምር ሥር የሚወርደውን ፍሳሽ ይሰበስባል። ረፋድ ላይ ፓምፑ መቆሙን የሚናገር መልእክት ስልኩ ላይ ሲደርሰው ተረኛው ቶርላይፍ የበዓሉን ሰልፍ ጥሎ መጣ። ከቀትር በኋላ የዶዘር ነጂው ሹር ክዳኑ ተከፍቶ፣ የቶርላይፍም ባርኔጣ አጠገቡ ወድቆ ከሩቅ አየ። እንደ ደንቡ ሳይጠጋ እሳት አደጋ ጠራ።

«ክዳኑን ብቻውን ማንሳት ይችላል?» አለችው ዳግኒ።

«ኧረ እትዬ ዳግኒ፣ ሁለት ሆነን እንኳ ወገባችን እየተንቋቋ ነው!» ወዲያው በቀልዱ አፈረና አቀረቀረ። «ሁልጊዜ አንድ ሰው ከላይ ይቆማል።»

«የግቢው ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ከሟቹ ሌላ እኔ፣ አለቃችን አይለርት፣ ደግሞ የሟቹ ልጅ ራግና። የዛሬ ተጠባባቂ እሷ ነበረች።»

ዳግኒ ከጉድጓዱ በላይ ያለውን እርጥብ ክምር በእግሯ ገላለጠችው። ቀለም የተቀባ ነጭ ስብርባሪ ወጣ።

«ይሄስ?»

«የፈረሰው ትምህርት ቤት ጂፕሰም ነው። ለብቻው፣ ደረቅ ቦታ ነበር መቀበር ያለበት። አይለርት ‹እዚሁ ድፋው› አለኝ፤ ደፋሁት።»

ራግና የሠራተኞቹ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ የእናቷ የብር ጌጥ ያብረቀርቃል።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች። «መዘምራኑ መሀል ሆኜ አልሰማሁም። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ይጻፉት።»

ዳግኒ አልጻፈችም። ይህች ልጅ ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው ልትኖር ነው።

አይለርት ግን ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በር ላይ ቆሟል። ክፍሉ ይሞቃል፤ ግንባሩ አልቦታል።

«እኔ ከሰልፉ ንቅንቅ አላልኩም። ከልጁ በቀር ማን ሊመጣለት? ደንግጣ ሸሽታ ይሆናል።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ሹር በቁጣ።

«ዛሬ ማደር አያስፈልገንም» አለች ዳግኒ። ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ክዳኑን ሁለት ሰው አንስቶታል። ሁለተኛው ሰው ቁልፍ ካላችሁ ከሦስታችሁ አንዱ ነው። ጂፕሰም እርጥብ ቆሻሻ ውስጥ ሲቀበር መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ጭራሽ አይሸትም። ሰው ይገድላል፤ ብር ያጠቁራል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመ ሰው ብር ነጭ ሆኖ አይቀርም። የራግናን ጌጥ እዩት። የሹርንም አዝራሮች እዩ፤ ነጭ ናቸው። አይለርት፣ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል አጠገብህ ነበርኩ፤ የአዝራሮችህ ብልጭታ ዓይን ይወጋ ነበር። ኮትህን ክፈተው።»

አይለርት አልተንቀሳቀሰም። ሹር ተነስቶ ከፈተለት። የሰደርያው የብር አዝራሮች ከላይ እስከ ታች ጠቁረዋል።

«ራሱ ደውሎ ጠራኝ» አለ አይለርት በመጨረሻ። «ቶሎ እንጨርስ ብዬ የጋዝ መለኪያውን ሳናመጣ አስወረድኩት። ከመሰላሉ ሲወድቅ አየሁ።»

«እሳት አደጋ እኮ በሰባት ደቂቃ ይደርስ ነበር!» ጮኸች ራግና።

«ከመጡ ጋዙን ይለካሉ፤ የጂፕሰሙ ነገር ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ወደ ሰልፉ ተመለስኩ።»

ሹር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጂፕሰም የደፋው በገዛ እጁ ነው፤ ያንን ማንም አላነሳበትም፤ እሱ ግን አልረሳውም።

«እኔን ለምን አልጠበቃችሁም?» አለች ራግና።

«እንጠብቃት ብዬው ነበር። ‹ተዋት፣ እየዘመረች ነው። ስልኳ ሁለቴ እንደጠራ ዘጋሁት፤ ዛሬ የሷ ቀን ነው› አለኝ።»

ራግና ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

«ሌላስ? ሌላ ምን አለ?»

«ሌላ አላለም» አለ አይለርት። «ወረደ።»