የዳፈነው እጅ የኔ አይደለም

አመናችሁኝም አላመናችሁኝም ይሄ ነገር ሆኗል። በልጄ ሳሎን ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ "አሮጊቷ ቃዥታ ነው" ትሉኝ ነበር። ፀሐይዋ እኮ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተንጣላ ነበር።

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። አጻጻፌ ቢሻክርባችሁ ከዚያ ነው።

የምኖረው ከልጄ፣ ከባሏና ከትንሿ ልጃቸው ጋር ነው። የልጅ ልጄን ድንቡሼ እላታለሁ። ስሙን ያወጣላት ጉንጯ ነው። ወላጆቿ ሥራ ሲውሉ የምጠብቃት እኔ ነኝ። ሌላ ሥራ የለኝም፣ አልፈልግምም።

ብርዱ ሲጠና አማቼ ዘመናዊ የእንጨት ምድጃ ሳሎን ውስጥ አስተከለ። ጥቁር ብረት ነው፣ በሩ መስታወት። ከበሩ ስር አየር የሚያስገባ ዘንግ አለው። ወደ ቀኝ ሲገፉት እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ወደ ግራ ሲገፉት ይታፈናል። ብረቱ ስለሚፋጅ ዘንጉንም በሩንም የምናንቀሳቅሰው ተነቃይ በሆነች አንዲት እጀታ ነው። ሙቀቱ እዚያ ስለሆነ የድንቡሼም አልጋ እዚያው ሳሎን ገባ።

መጀመሪያ ሰሞን ተሳስቻለሁ። ያደግኩት እሳት ሲዳፈን እያየሁ ነው። ማታ ፍሙን አመድ አልብሶ በመዳፍ መጠቅጠቅ፣ ጠዋት ገለጥ ማድረግ። እዚህም እንጨት ልቆጥብ ብዬ ዘንጉን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። መስታወቱ ጠቆረ፣ ጭንቅላቴን ይፈልጠኝ ጀመር።

ምድጃውን የተከለው ሰውዬ ተጠርቶ መጣና ሳቀብኝ።

"እማማ፣ ይሄ አይዳፈንም። ይገራል እንጂ።"

"እንደ በቅሎ?"

"እንደ በቅሎ። መጀመሪያ ልጓሙን ይልቀቁለት። ደረቅ እንጨት፣ አየሩ ሙሉ ክፍት። ግንዱን እሳት አጥብቆ ሲይዘው ቀስ እያሉ ይቀንሱ። መስታወቱ ከጠቆረ አየር አጥቷል ማለት ነው። የታፈነ እሳት መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ሕፃን ያስተኛል... በዚያው።"

ያቺ "በዚያው" የምትል ቃል ሆዴ ገብታ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ እንደ ፊደል ቆጣሪ ተማርኩት። ሁለት ፍልጥ አጋጭቼ ድምፁ ኳ ካላለ አልደረቀም ብዬ አላስገባም። ነበልባሉ እየተወዛወዘ ግንዱን ሲልስ እስካይ ከዘንጉ አልርቅም። መስታወቱም ጥርት ብሎ ይውል ጀመር።

ከዚያ... ዘንጉ በራሱ ጊዜ መዘጋት ጀመረ።

ልብስ አስጥቼ ስመለስ፣ ተዘግቷል።

ወተት አሙቄ ስመለስ፣ ተዘግቷል። መስታወቱም ጥላሸት ለብሷል።

አማቼ ከሥራ ሲገባ ገና ከበሩ አፍንጫውን ያሸት ነበር።

"እማማ፣ ዛሬም ዳፈኑት?"

"አልነካሁትም።"

"ታዲያ ድመቷ ናት?"

"ድመት የለንም።"

"እሱን እኮ ነው የምለው።"

አንድ ምሽት ወጥ ቤት ሆነው ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። ጆሮዬ አላረጀም።

"እናትሽ እየጃጁ ነው። አንድ ቀን ልጄን ይገሉብኛል። እህትሽ ጋ ይሂዱ።"

ልጄ "እሺ፣ ወሩ ይለቅ" አለች።

እሺ አለች። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ እሺ አለች። እኔ ስሄድ ድንቡሼን ከዚያ ምድጃ ጋር ማን ያያታል?

በማግስቱ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኳት።

"ድንቡሼ፣ ይሄን ማነው የሚዘጋው?"

ወደ ምድጃው አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እሷ።"

"እሷ ማን?"

"ውስጥ ያለችው።"

"ለምን ትዘጋዋለች?"

"ያቃጥላታላ..."

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሳቱን በወጉ አያያዝኩ፣ አየሩን ለክቼ ተውኩ፣ እጀታዋን ነቅዬ ቀሚሴ ኪስ ከተትኩ። ያለ እሷ ያንን ዘንግ ማንም አይነካው፣ እጁ ይላጣል። ድንቡሼ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ወንበሬን ምድጃው ፊት አድርጌ የታጠበ ልብስ ማጣጠፍ ያዝኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነበልባሉ ደህና ነበር።

ከዚያ... ሲጥ...

ቀና አልኩ። ዘንጉ እየሄደ ነው። ወደ ግራ። ቀስ ብሎ፣ ልጅ የተኛበትን ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው፣ በጥንቃቄ።

ነበልባሉ አጠረ። መስታወቱ ከስር ወደ ላይ ጠቆረ።

"ድንቡሼ... ተነሽ እናቴ።"

አልነቃችም። ትከሻዋን ነቀነቅኩ። አንገቷ ወደቀ።

መስኮቱን በረገድኩ፣ ልጅቷን አፈፍ አድርጌ ባዶ እግሬን ግቢ ወጣሁ። ብርዱ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ የጣፈጠኝ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ባልና ሚስቱ የደረሱት ግቢ ቆመን ሳለን ነው። አማቼ ሮጦ ገብቶ፣ አይቶ፣ ፊቱ ደም ለብሶ ወጣ።

"ዘግተውታል። እጀታው የት አለ?"

ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት።

"ከምሳ ጀምሮ እዚህ ነበረች። እጄንም እየው፣ ተልጧል?"

እጄን አየ። አፉ ግን አልተሸነፈም።

"ዘንጉ ላልቶ ይሆናል። ነገ ባለሙያው ያየዋል።"

"ልጅቷ ሳሎን አታድርም።"

"እማማ፣ አጠፋዋለሁ። የጠፋ እሳት ምን ያደርጋል? ለዛሬ ይብቃዎት።"

እጀታዋን ከእጄ ወስዶ ፍሙን አወጣና ግቢ ውስጥ ውሃ ደፋበት። አመዱን ግን ሲበርድ አወጣዋለሁ ብሎ ተወው። የምድጃውን በር ቆለፈ። ድንቡሼን ወስዶ እዚያው አልጋዋ ላይ አስተኛት፣ እልህ ይዞት እኮ ነው። ልጄ መሬት መሬት ታያለች። እጀታዋን ከእጁ ቀማሁት።

እነሱ ሲተኙ ድንቡሼን ከነብርድ ልብሷ አቀፍኳት፣ ክፍሌ አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ። እጀታዋን በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ልጅ ሰረቅሽ በሉኝ፣ ግድ የለኝም።

ጠዋት አማቼ ከሳሎን ጠራኝ። ድምፁ የሰው አይመስልም።

"እማማ... ልጄ የት ናት?"

"እኔ ጋ።"

"ታዲያ... ይሄ ምንድነው?"

ድንቡሼን ታቅፌ ወጣሁ። የምድጃው በር ገርበብ ብሏል። እጀታዋ አንገቴ ላይ ናት። ምድጃው ውስጥ አንድ እፍኝ አመድ እንኳ የለም፣ እንደ ታጠበ ድስት ጸድቷል።

አመዱ አልጋው ላይ ነበር።

ከትራስ እስከ ግርጌ፣ በሕፃን ቁመት ልክ ተከምሯል። ተስተካክሎ፣ በመዳፍ ተጠቅጥቆ... ፍም በሚዳፈንበት አኳኋን። የመዳፉ ምልክት እላዩ ላይ ታትሟል።

አማቼ ምልክቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"እጅዎን ያምጡ" አለኝ በሹክሹክታ።

በዚያች ሰዓት እንኳ። ደሜ ፈላ።

"ለካው" አልኩትና ድንቡሼን በአንድ ክንዴ ይዤ ሌላውን እጄን ዘረጋሁለት።

አንጓዬን ይዞ ወደ አልጋው አወረደው። ሙቀቱ ገና ከሩቁ መዳፌን ነካኝ።

"ቀስ..." አለች ድንቡሼ ጆሮዬ ስር። "ተኝታለች።"

እጄ አመዱ ጋ ሳይደርስ...

አመዱ በቀስታ ከፍ አለ።

ዝቅ አለ።

ከፍ አለ።