ሁለቴ ከሳብኩ ላላ አድርጊ

"ልብ ወለድ ነው" ለሚለኝ ሰው መከራከሪያ ጉልበት የለኝም... ግን ሆኗል።

ቅዳሜ ዕለት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ፒያሳ በሰው ተጨናንቃ።

ቦታው ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው።

እየሩስ እባላለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ከኤርሚ ጋር የኔትወርክ ኬብል እንዘረጋለን። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው።

"ካት ስሪ የድሮ ነው፤ ከስልክ አያልፍም። ካት ፋይቭ ይሻላል። ካት ሲክስ ደግሞ ወፈር ያለና ፈጣን ነው፤ ውስጡም ሽቦዎቹን የሚለያይ ፕላስቲክ አለው። ቁጥሩ ሲወርድ ዘመኑም ወደ ኋላ ይሄዳል" ይለኝ ነበር።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ዓለምወርቅ የፊቱን ክፍል ለቢሮ አከራይተዋል። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ዛሬ ይቅርባችሁ፣ ልጆቼ..."

ኤርሚ ሳቀ። "እትዬ፣ ግድግዳዎን አንነካም። በወለሉ ስር ነው የምናሳልፈው።"

ከፊት ክፍሉም ከጓዳውም ጣውላ አነሳን። ኤርሚ የኬብሉን ጫፍ ቀበቶው ላይ አስሮ በደረቱ እየተሳበ ገባ። በጓዳው በኩል ይወጣል፤ እኔ ከኬብሉ ካርቶን እየፈታሁ እልክለታለሁ።

ምልክታችን የተለመደችው ናት። "አንዴ ከሳብኩ አቁሚ... ሁለቴ ከሳብኩ ላላ አድርጊ።"

ሁለቴ ሳበ። ላላ አደረግሁ።

እንደገና ሁለቴ... እንደገና...

የካርቶኑ ግማሽ ሄደ። ቤቱ ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው።

"እየሩስ..." አለ ከወለሉ ስር፣ በሹክሹክታ።

"ወዬ?"

"ምን ዓይነት ኬብል ነው የምትልኪልኝ?"

"ካት ሲክስ ነዋ! ሰማያዊው።"

"እኔ ጋ ያለው ግራጫ ነው። ካት ፋይቭ..."

ሳቅኩ። ኤርሚ ሳያሾፍ አይውልም።

"አሁን ካት ስሪ ሆነ..."

ድምፁ ርቋል። ሳቅ የለበትም።

"ኤርሚ፣ በቃ ተመለስ!"

"ጨርቅ የለበሰ ሽቦ ነው... እየሩስዬ፣ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል..."

ስሙን እየጮህኩ ተነሳሁ።

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። በስልኬ መብራት ከወለሉ ስር አየሁ። ከዳር እስከ ዳር አቧራና የሸረሪት ድር። ወንድሜ የለም።

ኬብሉ ግን ከፊት ክፍሉ ውጥር ብሎ ይመጣና... መሃል ላይ ሲደርስ አይታይም።

ተመልሼ በሙሉ ኃይሌ መሳብ ጀመርኩ። ሰማያዊው መጣ። ቀጥሎ ግራጫ። ቀጥሎ ቀጭን... ከዚያ ጨርቅ የለበሰ ያረጀ ሽቦ።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም አለ።

"አትሳቢው፣ ልጄ" አሉ እትዬ ዓለምወርቅ በሩ ላይ ቆመው። እያለቀሱ ነው። "ያመዋል።"

"ማንን?"

"ልጅ ሆኜ... አባቴ ስልክ ሲያስገባ፣ ከዚህ ወለል ስር አንድ ጎልማሳ ወጣ። ማንም የሚያውቀው አልነበረም። ቀበቶው ላይ ሽቦ ታስሯል። እንፍታልህ ቢሉት እምቢ አለ። 'እህቴ እየሩስ ይዛዋለች' ይል ነበር።"

"የት ነው ያለው?" ብዬ ጮህኩ።

"እዚሁ አረጀ። ከነቀበቶው ጊዮርጊስ ቀበርነው።"

ላለማመን ፈለግሁ። ግን ሽቦውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ እጄ ውስጥ ያለው ሽቦ ተሳበ።

ሁለቴ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ሰው ሁሉ "ልቀቂው" ይለኛል። ወንድሜን እንዴት ልልቀቀው? እትዬ ዓለምወርቅ ትራስ አምጥተውልኛል። ካርቶኑ ሲያልቅ ሌላ ቀጠልኩበት፤ እሱም ሲያልቅ ሌላ።

ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው።

የመጨረሻው ካርቶን ሊያልቅ ነው...

አሁንም ሁለቴ ሳበ።