የአንገስ ሬኒ ዘጠነኛ ምዕራፍ

መምህር ሀብተጊዮርጊስ ሞንትቤሎ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ወድቀው ሞተው ተገኙ። በቀኝ እጃቸው የያዙት አሥራ ሁለት ዓመት በእጃቸው ሲጽፉት የኖሩትን መጽሐፍ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ተራራ ላይ ባገኘው አበባ ስለታወቀው ስኮትላንዳዊ የእጽዋት ተመራማሪ፣ ስለ አንገስ ሬኒ ሕይወት የሚተርክ።

«እያነበቡ ሲወርዱ አዳልጧቸው ነው» አለ አንዱ ፖሊስ።

መርማሪዋ የምሥራች ወደ ላይ ወጣች። የመምህሩ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ያለ መነጽር ያነቡ ነበር?» ስትል የእህታቸውን ልጅ ከበቡሽን ጠየቀቻት።

«አጎቴ? ያለ መነጽር እኔንም አይለዩኝ! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውለው ‹ዘጠነኛውን ምዕራፍ አሁን ጨረስኩ፤ ማንም አላየውም፤ መጥተሽ ታይፕ አድርጊልኝ› ብለውኝ ነበር።»

አስከሬኑ እጅ ላይ የተገኘው ግን ስምንት ምዕራፍ ብቻ ነው።

አስከሬኑን ያገኘው ጎረቤታቸው ሐሚድ የቤቱ ቁልፍ ነበረው።

«አምስት ሰዓት ላይ ከኤርፖርት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ብጣራ መልስ የለም፤ ገባሁ። እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ሁሉንም ነው» አለችው።

ስለ ሬኒ መጽሐፍ ጽፈው ስም ያተረፉት የመምህሩ የድሮ ጓደኛ ዶክተር ዘውዱ፣ ኦሮራ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ተቀበሏት።

«ድምፁን ከሰማሁ ወር አልፎኛል።»

«በሬኒ ጉዳይ ትስማሙ ነበር?»

«እንዴት እስማማለሁ? አበባውን ያገኘው ሬኒ ራሱ ነው፤ ደብተራ አይደለም የሰጠው!»

አመሻሹ ላይ ሦስቱንም በመምህሩ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ያለ መነጽር የማያዩ ሰው እያነበቡ ደረጃ አይወርዱም። ወረቀቱን ያስያዛቸው ሌላ ሰው ነው። ሐሚድ ቁልፍ አለው፤ የጎደለው ግን አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። እሱ ለሐሚድ ምን ይረባዋል? ስምንቱንም ምዕራፎች አነበብኩ። ስለ ደብተራ አንድ ቃል የለም። ዶክተር፣ እርስዎ ከየት ሰሙ?»

ዘውዱ በሩን ተመለከቱ።

«በፍርድ ቤት ፈቃድ መኪናዎ ተፈትሿል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ከወንበሩ ሥር ተገኝቷል። የሬኒን አበባ ለቅሞ፣ ስሙንና መድኃኒትነቱን ጽፎ የሰጠው አንድ የደባርቅ ደብተራ እንደነበር ይናገራል።»

«ጠዋት ልጠይቀው ብሄድ ምዕራፉን አስነብቦኝ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ውሸት ነው አለኝ!» አሉ ዘውዱ። «ወረቀቱን ልቀማው ስል ነው የወደቀው። መግደል አላሰብኩም።»

«መምህሩ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ይላል አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። ጥራዙን ሲያስይዟቸው እጃቸው ይሞቅ ነበር፤ ለምን አምቡላንስ አልጠሩም?»

ዘውዱ አንገታቸውን ደፉ። ከበቡሽ ተነሥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«መልሱላት እንጂ፣ ጋሼ» አለቻቸው።