ሁሉ ያማረው መምህር

መምህር ሕዝቅያስ ማክሰኞ ጠዋት በሥራ ክፍሉ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። እግሩ ሥር አመድ የሞላ የከሰል ምድጃ ነበር፤ መስኮቱም በሩም ተዘግተዋል። የከተማው ፖሊስ ነገሩን ለመቋጨት ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰውዬው በከሰል ታፍኖ ሞተ፤ ከሰሉን ያቀጣጠለችው የቤት ሠራተኛው ሀጂራ ናት፤ ስለዚህ ሀጂራ ትታሰር። ታሰረች። ሐሙስ ጠዋት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሳ ፍርድ ቤት እንድትቀርብም ተወሰነ።

የሚዛን ተፈሪ ከተማ ለሟቹ ከማልቀሷ በፊት ተሳለቀችበት። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው፣ እንደ እኩዮቹ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የደም ግፊቱን እንደማውራት፣ ንብ ያረባል፣ ዑድ ይመታል፣ የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታል፣ የሸኮ ተረት ይመዘግባል፣ እንጉዳይ ይለቅማል፣ ቡና ይቀምሳል። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ተብሎ ተተረተበትና ስሙ «ሁሉ አማረሽ» ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በዕድሜያቸው አንድ ነገር ብቻ ተምረዋል። እሱንም በቅጡ ስላልያዙት ሌላውን በመናቅ ይካካሳሉ።

ኢንስፔክተር ዲቦራ ከቱም ከተማ ስትመለስ ነበር ሬሳው ያለበት ቤት እንድትደርስ የተነገራት። የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቶሎ ትሰለቻለች። ከወንጀለኛ ይልቅ ሰነፍ ያናድዳታል፤ ወንጀለኛ ቢያንስ አስቦበታል ትላለች። የሥራ ክፍሉን በር እንደከፈተች አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ዝባድ ነው፣ የጥርኝ ሽቶ» አለ ሳጅን ብሩህ ፈገግ ብሎ። «የተቀመጠበት ቀንድ መስኮቱ ሥር ወድቆ ፈሷል። ሰውዬው ሽቶም ጀምሮ ነበር መሰለኝ። ያልጀመረው ነገር የለም።»

«አንተ ምን ምን ትችላለህ፣ ብሩህ?»

«እኔ? ፖሊስነት ብቻ።»

«እሱንም ገና ነህ።»

ዲቦራ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ጎንበስ አለች። ብረቱ ላይ እንደ ቆየ ቅቤ ያለ ቡናማ ቅባት ተለቅልቋል፤ ያው ዝባድ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ትንንሽ ብልቃጦች ተደርድረዋል። በአንዱ ጤና አዳም፣ በሌላው ኮረሪማ፣ በሦስተኛው ቅርንፉድ አለ፤ አራተኛው ባዶ ነው። ወንበሩ አጠገብ የወደቀውን ትራስ አንስታ አየችና ለብሩህ ሰጠችው።

«ይህን ከሬሳው ጋር ወደ ሆስፒታል ላክ። ከንፈሩን ከውስጥ በኩል እንዲያዩልኝ ንገራቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። የመምህሩ ከንፈር በውስጥ በኩል በጥርሱ ተሰንጥቋል፤ በጥርሶቹም መካከል የትራሱ ክር ተገኝቷል። የገደለው ከሰል አልነበረም፤ የሞተውም ሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ነው።

ብሩህ «እንግዲያው ሀጂራ አፍናው ነዋ» አለ፣ ጉዳዩ እንዳይሰፋበት የቸኮለ ይመስል።

ሀጂራ በእስር ክፍሉ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አፍናን የምትባል አንዲት ልጇ ጎረቤት ቤት ናት።

«ልብስ ቀይረሻል?» አለቻት ዲቦራ።

«ማን ያመጣልኛል እትዬ? ሰኞ የለበስኩት ነው።»

ዲቦራ ተጠግታ የሀጂራን እጅጌና ሻርፕ አሸተተች። ሽንኩርትና ጭስ ይሸታል፤ ሌላ ነገር የለበትም።

«ከሰሉን የት ነበር የተውሽው?»

«በረንዳው ላይ፣ ሽሮውን እንደጣድኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከሰል ወደ ቤት አስገብቼ አላውቅም። ያፍናል ብሎ ያስተማረኝ እኮ እሱ ራሱ ነው።» ቀጥላም «ከዚህ ካልወጣሁ ልጄን ማን ያያታል?» ስትል ጠየቀች።

«ሐሙስ ከመድረሱ በፊት እመለሳለሁ» አለቻት ዲቦራ። ከዚያ በላይ ቃል መግባት አልወደደችም።

ቀብሩ ረቡዕ ጠዋት ተፈጸመ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት የተቀመጡት የመምህሩ ወዳጆች ተብዬዎች ሦስት ናቸው። ዲቦራ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው።

ማር ነጋዴው ኃይለሚካኤል ጥያቄውን ሳይጠብቅ ጀመረ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ልጄ፣ ሦስት ቀፎ ይዞ ንብ አርቢ ነኝ ይል ነበር። እኔ አርባ ዓመት ማር ላይ ነኝ። ሰው አንድ ነገር ነው መያዝ ያለበት።»

«ሰኞ ማታ የት ነበሩ?»

«ጌጫ፣ ማር ስገዛ። ማክሰኞ በአውቶቡስ ገባሁ። መርዶውን መናኸሪያ ነው የሰማሁት።» ቲኬቱን ከኪሱ አወጣ፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው ቲኬት አይጥልም።

ባለሱቁ ሻሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። አባቱ ከጅማ በኩል የመጡ ናቸው፤ ዝባዱንም ለመምህሩ ያስመጣለት እሱ ነው።

«ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አደረስኩለት። ቀንዱ አፉ በሰም የታሸገ ነበር። በዚህ ከተማ ከእሱ ሌላ ዝባድ ያዘዘኝ ሰው የለም።»

«ከዚያስ?»

«መግሪብን መስጊድ ሰገድኩ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ሱቅ ነበርኩ። ሰፈሩን ሁሉ ይጠይቁ።» ሰፈሩን ጠየቀች፤ እውነቱን ነበር።

ሦስተኛው ቡና ቀማሹ በዛብህ ነው። በሚዛንና በቴፒ የእሱ አፍንጫ እንደ ማኅተም ይታያል። «ደኅና» ያለው ቡና ይጫናል፤ «ተበላሽቷል» ያለው ይመለሳል። ቡናማ ኮቱን እንደለበሰ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ቆሟል፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ያሉት ወንበሮች ግን ባዶ ናቸው። ዲቦራ በአንዱ ላይ ተቀመጠችና ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች።

«ቡና አስተምሩኝ ብሎኝ ነበር» አለ በዛብህ። «ሃያ አምስት ዓመት የፈጀብኝን በሁለት ክረምት ሊጨርስ! እንዲህ ያለው ሰው እውቀትን ያረክሳል።»

«ቤቱ መቼ ነበር የሄዱት?»

«ወር አልፎኛል።»

«ኮትዎ ያምራል።»

«ከቤት ስወጣ የምለብሰው ነው። ማክሰኞም ይህንኑ ለብሼ ነው የመጣሁት።»

ዲቦራ ሌላ አልጠየቀችም። ወደ መምህሩ ክፍል ተመልሳ ደብተሮቹን ስታገላብጥ ቆየች። ከእንጉዳይ ሥዕልና ከዑድ ቅኝት መካከል የፈለገችውን አገኘች። ከዚያም ሱቅ ልካ አንድ ነገር አስገዛች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱን ሰዎች፣ ጎረቤቱንና ፖሊሶቹን ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች። ሀጂራንም አስመጥታ ከፊት አስቀመጠቻት። አንዳንዱ ፊቱን አዞረባት።

«ጋሽ በዛብህ» አለች ዲቦራ፣ የተሸፈነ ስኒ እያቀበለችው፣ «ከመጀመራችን በፊት እውቀትዎን ልለምን። የተፈጨ ቡና ነው። ምን ይሉታል?»

በዛብህ መከበሩ ደስ አሰኘው። ክዳኑን ገልጦ አፍንጫውን ስኒው ውስጥ ከተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ሳበ።

«የቴፒ ነው። ንጹሕ። የአበባ ቃና አለው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሎሚ።»

ኃይለሚካኤልን አሳለው። ሻሚል መሬት መሬት አየ።

«እርስዎስ ጋሽ ኃይለሚካኤል?»

«እኔ ቡና አላውቅም፣ ልጄ።»

«አፍንጫም የለዎትም?»

ሰውዬው በዛብህን በጎን አየውና «ነጭ ጋዝ ነው» አለ በቀስታ።

«አዎ። አምስት ጠብታ የጨመርኩበት እኔ ነኝ» አለች ዲቦራ። «እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይሸታል። የአበባ ቃና ያገኙበት ጋሽ በዛብህ ብቻ ናቸው።»

በዛብህ ስኒውን አስቀመጠ። እጁ ግን ከስኒው አልተላቀቀም።

«ከመጀመሪያው ልነሣ» አለች። «መምህሩ በትራስ ታፍኖ ነው የሞተው፤ ሐኪሙ አረጋግጧል። እንግዲህ ከሰሉን ከበረንዳ ያስገባውና መስኮቱን የዘጋው ሞቱ አደጋ እንዲመስል የፈለገ ሰው ነው። ይህ ሰው ወይ ሲታገል ወይ ሲጣደፍ የዝባዱን ቀንድ ገልብጦ እጅጌውን ነከረ። በዚያው እጅጌ መስኮቱን ዘጋ፤ መዝጊያው ላይ ዝባድ አለ። ዝባዱ ደግሞ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደታሸገ ነው የደረሰው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ልብሱ ዝባድ የሸተተ ሰው እዚያ ክፍል ገብቷል። ሀጂራ የሰኞውን ልብስ እስካሁን አልቀየረችም፤ ልብሷ የሚሸተው ሽንኩርት ነው።»

«ዝባድ እኮ ማንም ይቀባል» አለ በዛብህ።

«ቡና ቀማሽ ሽቶ አይቀባም፤ ይህን ከእኔ የበለጠ እርስዎ ያውቁታል። ኮትዎ ግን ይሸታል። በሩቁ ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን ገና ሰኞ ማታ አጥቦት ወይም አቃጥሎት ነበር። እርስዎ ለብሰውት ለቅሶ መጡ፤ ምክንያቱም አልሸተተዎትም። መቼ ነው አፍንጫዎ የጠፋው?»

ዲቦራ ደብተሩን ገለጠች።

«መምህሩ ጽፎታል። ከኮሮናው ወዲህ። ኮረሪማ የተቀላቀለበት ቡና ሦስት ጊዜ ሰጥቶዎት ሦስቴም ንጹሕ ነው ብለውታል። አራት ዓመት ሙሉ የቡናውን ፍሬ መልክና የሌላውን ቀማሽ ፊት እያዩ ሲፈርዱ ኖረዋል። ይህ ቢወጣ ስምዎ ያበቃል። ሰኞ ማታ መምህሩ አውቄያለሁ ሲልዎት ትራሱን አነሡ።»

«ሊያዋርደኝ ነበር» አለ በዛብህ።

«ይሄው ያሰበልዎት ውርደት» ብላ ዲቦራ ማንበብ ጀመረች። «'ጤና አዳም፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ዝባድ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ሃያ ሰከንድ ያሽት። አፍንጫቸው በዚህ የተመለሰላቸው ብዙ ናቸው ይላሉ። ሻሚል ዝባዱን እንዳመጣልኝ በዛብህን እጠራዋለሁ። ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አይሰማም።' አራተኛው ብልቃጥ ባዶ የነበረው የእርስዎን ዝባድ እየጠበቀ ነው።»

በዛብህ ቀና ብሎ ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ጸጸት አልነበረም፤ አሁንም ንቀት ነበር።

«ብልቃጦቹን አሳይቶኛል» አለ። «ሁሉንም ነግሮኛል። እንደ ተማሪ፣ ና አሽት አለኝ። እኔን! ሁሉ አማረሽ እኔን ሊያስተምር! ንብ ሲሰለቸው ዑድ፣ ዑድ ሲሰለቸው የእኔ አፍንጫ። የእሱ መጫወቻ ከምሆን...»

«አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ ሰው ያ አንድ ነገር ሲጠፋበት ምን ይቀረዋል?» አለች ዲቦራ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። የእርስዎ አንድ ባላ ተሰበረ። እሱ ሌላ ሊተክልልዎ ሲል ገደሉት።»

ሳጅን ብሩህ በዛብህን ይዞ ወጣ። ሰዉ ቀስ እያለ መተንፈስ ሲጀምር ዲቦራ ዞር አለች።

«እናንተስ? ኮቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ሸቷችኋል። ወንበር ለውጣችሁ ሸሽታችሁታል። አንዳችሁ እንኳ ይህ ምን ይሸታል ብላችሁ አልጠየቃችሁም።»

«የተከበረ ሰው ነው» አለ ኃይለሚካኤል። «ሸተትክ ይባላል እንዴ? ይሉኝታ አለ።»

«ለኮቱ የተረፈው ይሉኝታ ለሀጂራ ጠፋ» አለችውና ደብተሩን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። እነዚህን ሰዎች ከዚህ በላይ መስማት አስጠልቷት ነበር።

ሀጂራ የመፈቻ ወረቀቷን ፈርማ ከጣቢያው ስትወጣ ሻሚል ባጃጅ አቁሞ ይጠብቃት ነበር።

«ግቢ እህቴ፣ ቤትሽ ላድርስሽ። አፍናን እየጠበቀችሽ ነው።»

ሀጂራ እግሯን ሳታነሣ ቆመች።

«ጋሽ ሻሚል፣ ዝባዱን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ኮቱ ላይ ሲሸትዎት የእርስዎ ዝባድ መሆኑን አወቁ?»

ሻሚል የባጃጁን ወንበር በእጁ ጠራረገ። «አወቅኩ» አለ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ፣ ለቅሶው ላይ።»

«ማክሰኞ» አለች ሀጂራ። ሻርፗን አስተካከለችና ወደ ልጇ በእግሯ ሄደች።