ያልወረደው ድንጋይ

ከባሏ ቀብር ወዲህ የትምወርቅ ከሰዓት በኋላውን የምታሳልፈው በእሱ የሥራ ክፍል ውስጥ ነበር። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ መነጽሩን አንስታ እዚያው ቦታው ላይ ትመልሰዋለች። ክፍሉ ከግቢው ጀርባ፣ ከጎረቤት አጥር ጋር ተጠግቶ የተሠራ ነው። ባሏ ልዑልሰገድ የሞተውም እዚሁ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው።

የዚያን ቀን የምትፈልገው የቦታውን አሮጌ ካርታ ነበር። ጎረቤቷ ደምለው ክፍሉ ያረፈበት መሬት የአያቴ ነው ብሎ ስለከሰሳት ፍርድ ቤቱ ማስረጃ እንድታቀርብ አዟታል። ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ነበር።

«እትዬ፣ ካርታውን አገኙት?»

«አገኘዋለሁ።»

«የሣለው እኮ የአማትዎ ጸሐፊ ነው። ቢያዙት ዓባይንም በግቢያቸው ውስጥ ይሥልላቸው ነበር!» ሳቀ፤ ሳቁን ግን ወዲያው ዋጠው። «አያቴ ድንጋዩን አላወረደም፣ እትዬ። ክፍሉን ይልቀቁ፤ ለእርስዎም ይሻላል።»

«መሐላ ማስረጃ አይሆንም፣ አቶ ደምለው። ባሌ የሞተበትን ክፍል አልለቅም።»

ታሪኩን ታውቀዋለች። በዚያ አገር ወሰን ሲያጣላ አንዱ ወገን ይምልና የወሰኑን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ያወረደበት ቦታ ወሰን ይሆናል። የደምለው አያት ጓንጉል ምሎ፣ ተሸክሞ በመሄድ ላይ ሳለ አማቷ ፊታውራሪ ወልደሰንበት ከመንገድ አስይዘው አሳሰሩት። እንደታሰረ ሞተ። ድንጋዩን ከዚያ ወዲያ ያየ ሰው የለም።

ካርታው ከሣጥኑ ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። ቀዩ የወሰን መስመር ግቢውን ዞሮ ዞሮ፣ አሁን እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ጥቅልሉን ስትፈታ የቤተሰቡ የጉዞ ፎቶግራፎች ጉልበቷ ላይ ረገፉ። ዝናብ ጀመረ። ከቆርቆሮው ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ የሰማች መሰላት፤ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ጭቃ ሲረግጥ የሚያሰማው ዓይነት፣ ቀስ ያለ፣ ቆም የሚል፣ ደግሞ የሚቀጥል።

በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ፊታውራሪ ከነልጃቸው በመኪናቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንድ ጎባጣ ሰው ትከሻው ላይ ጥቁር ነገር ይዟል። ምጽዋ፣ ባሕሩ ዳር፣ ያው ሰው ቀረብ ብሏል። ላንጋኖ ላይ ከፊታውራሪ ጀርባ ቆሟል፤ የድንጋዩ ጥላ ስላረፈበት ፊቱ አይታይም። የመጨረሻው ፎቶግራፍ ፊታውራሪ ከሞቱ በኋላ የተነሣ፣ የራሷ የጫጉላ ጉዞ ነው፤ ሐረር፣ ግንቡ ሥር። ስንት ጊዜ አይታዋለች! እንዲህ ያለ ሰው ግን አይታበት አታውቅም። ሰውየው ከልዑልሰገድ ጎን ነው። ትከሻው ባዶ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጎበጠው ልዑልሰገድ ነው።

«ቀኝ ትከሻዬን የሚጫነኝ ነገር አለ» ይላት ነበር። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙበትም። በቅባት ታሸው ነበር። በቀብሩ ዕለት፣ በበሽታ አልቆ ወፍ ያከለውን ሰው ተሸካሚዎቹ መንገድ ላይ እያወረዱ ሲቀባበሉት፣ አንዱ «ድንጋይ ነው እንዴ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰምታ አዝናበት ነበር።

እርምጃው አሁን ከክፍሉ በር ውጭ ነው። አዲስ የተቆፈረ አፈር ሸተታት። በበሩ ሥር ይገባ የነበረው ብርሃን ተጋረደ። ካርታውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አልለቅም» አለች።

እርምጃው ቆመ። ብርሃኑ ወደ በሩ ሥር ተመለሰ፤ ዝናቡም አባራ። ፎቶግራፉን እንደገና አነሣችው። ልዑልሰገድ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እንደ ሙሽራ ይስቃል። በቀብሩ ያልመጣላት እንባ አሁን መጣ። አርፏል፣ አለች ለራሷ፣ በመጨረሻ አርፏል፤ ፊቷን ጠርጋ መስኮቱን ልትዘጋ ከወንበሩ ብትነሣ ቀኝ ትከሻዋ አብሯት አልተነሣም።